ያሸነፈው ፓርቲ ለምን ተቃዋሚ ሆነ? የክዋዙሉ ናታል ምክር ቤት ስሌት

ጁን 14 ቀን 2024 ዕለተ ጁሙዓ ነበር። በሒጅራው አቆጣጠር ዙልሒጃ 8 የዋለበት፣ ሐጃጆች ኢሕራማቸውን ለብሰው ወደ ሚና ያቀኑበት ቀን ነው። በዚያው ዕለት በደቡብ አፍሪካዋ ፒተርማሪትዝበርግ ከተማ አዲስ የተመረጡ 80 የምክር ቤት አባላት ተሰብስበው ቃለ መሐላ ፈጸሙ፤ ከዚያም የክዋዙሉ ናታል ክፍለ ሀገርን የሚያስተዳድረውን ርእሰ መስተዳድር ለመምረጥ ድምፅ ሰጡ። ድምፅ አሰጣጡ ምስጢራዊ ነበር፤ ሕጉ በሚያዘውም መሠረት ምርጫውን የመራው ዳኛ እንጂ ፖለቲከኛ አልነበረም።

ወረቀቶቹ ሲቆጠሩ የኢንካታ ነፃነት ፓርቲ ዕጩ ታሚ ንቱሊ 41፣ የኤምኬ ፓርቲው ዕጩ ፋቲሲዝዌ ቺሊዛ ደግሞ 39 ድምፅ አገኙ። በሁለት ድምፅ ልዩነት ከ12 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ የሚኖርበት ክፍለ ሀገር አስተዳዳሪውን አወቀ። ነገሩን እንግዳ የሚያደርገው ግን የልዩነቱ ማነስ አይደለም። ከሁለት ሳምንት በፊት፣ ሜይ 29 በተካሄደው ምርጫ ኤምኬ ፓርቲ ከመቶ 45 በላይ ድምፅ አግኝቶ ከ80ው ወንበር 37ቱን ወስዶ ነበር። ርእሰ መስተዳድሩን ያስመረጠው ኢንካታ ያገኘው ከመቶ 18 ሲሆን ወንበሩም 15 ብቻ ነው። እጥፍ ከእጥፍ በላይ የበለጠው ፓርቲ በተቃዋሚ ወንበር ተቀመጠ፤ የተበለጠው መንግሥት መሠረተ።

በኢትዮጵያ ወይም በሌላ ሀገር የምርጫ ሥርዓት ዓይኑን ላሟሸ አንባቢ ይህ የተገለበጠ ፍርድ ይመስላል። አልተገለበጠም። ነገር ግን ለምን እንዳልተገለበጠ ለመረዳት በመጀመሪያ ኤምኬ የሚባለው ፓርቲ ከየት እንደ መጣ፣ ቀጥሎም በደቡብ አፍሪካ አንድ ወንበር እንዴት እንደሚገኝ ማየት ያስፈልጋል።

ከአንድ ቤት የወጣ ተቀናቃኝ

ኤምኬ «ኡምኮንቶ ዌ ሲዝዌ» ለሚለው የዙሉ ቋንቋ ስም ምኅጻር ነው፤ የሕዝብ ጦር እንደ ማለት ነው፣ ጦር ሲባልም ሠራዊት ሳይሆን እጀታ ያለው የሚወረወረው ጦር ነው። ስሙ አዲስ አይደለም። በ1961 የአፍሪካ ብሔራዊ ኮንግረስ (ኤኤንሲ) በአፓርታይድ ላይ የትጥቅ ትግል ሲጀምር ለታጣቂ ክንፉ የሰጠው ስም ይኸው ነበር። የቀድሞው ፕሬዚዳንት ጃኮብ ዙማ በዲሴምበር 16 ቀን 2023፣ ያ ታጣቂ ክንፍ በተመሠረተበት ቀን፣ ለኤኤንሲ እንደማይቀሰቅሱና ለአዲሱ ፓርቲ ድምፃቸውን እንደሚሰጡ አስታወቁ። ኤኤንሲ ስሜንና አርማዬን ተነጠቅሁ ብሎ ፍርድ ቤት ቢሄድም በደርባን ተረታ።

ዙማ የክዋዙሉ ናታል ልጅ ናቸው፤ መኖሪያቸውም በዚያው ክፍለ ሀገር ንካንድላ በሚባለው የገጠር ወረዳ ነው። በ2018 ከሥልጣን እንዲወርዱ ያስገደዳቸው የራሳቸው ፓርቲ ነበር። በጁላይ 2021 የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤቱን ትእዛዝ በመጣሳቸው የ15 ወር እስራት ተፈርዶባቸው ወኅኒ ሲገቡ፣ ክፍለ ሀገሩ ለቀናት በሁከትና በዘረፋ ታመሰ። በክዋዙሉ ናታልና በጎረቤቷ ጋውቴንግ ከ350 በላይ ሰዎች ሞቱ። ይህ ቁስል ሳይደርቅ ነው የ2024ቱ ምርጫ የመጣው። ፍርድ ቤቱም ከምርጫው ዘጠኝ ቀን አስቀድሞ ዙማ ለፓርላማ መወዳደር እንደማይችሉ ወሰነ። ፎቷቸው ግን በድምፅ መስጫው ወረቀት ላይ ቀድሞ ታትሞ ነበርና እዚያው ቀረ።

ኤኤንሲ በዚህ ምክር ቤት የነበረው ቁመት እንዴት እንደ ወረደ ቁጥሮቹ ያለ ማብራሪያ ይናገራሉ። ዙማ ፓርቲውን በሚመሩበት በ2009 51 ወንበር፣ በ2014 52፣ እርሳቸው ከወረዱ በኋላ በ2019 44፤ በ2024 ደግሞ 14። በአንድ የምርጫ ዘመን ውስጥ 30 ወንበር ማጣት በየትም ሀገር ቢሆን ከባድ ውድቀት ነው። መራጩ ግን ከፖለቲካ አልሸሸም፤ ከአንዱ ክፍል ወደ ሌላው ተሻገረ እንጂ ከቤቱ አልወጣም ማለት ይቀላል።

አንድ ወንበር እንዴት ይገኛል?

በኢትዮጵያ ሀገሪቱ በምርጫ ክልሎች ትከፋፈላለች፤ በእያንዳንዱም ክልል ከሌሎቹ የበለጠ ድምፅ ያገኘ ሰው ወንበሩን ይወስዳል። በዚህ መንገድ ከመቶ 45 ድምፅ ያለው ፓርቲ፣ ተቀናቃኞቹ ተበታትነው ከገጠሙት፣ አብዛኛውን ወንበር ሊጠቀልል ይችላል። ደቡብ አፍሪካ ከአፓርታይድ ስትወጣ የመረጠችው ሌላ መንገድ ነው። ተመጣጣኝ ውክልና ይባላል። ለክፍለ ሀገሩ ምክር ቤት የሚሰጠው ድምፅ በሙሉ በአንድ ቋት ይደመራል፤ እያንዳንዱ ፓርቲም ባገኘው ድምፅ መጠን ከስም ዝርዝሩ ሰዎችን ይልካል። መራጩ በ2024 ሦስት ወረቀት ተሰጥቶት ነበር፤ ሁለቱ ለብሔራዊው ፓርላማ፣ ሦስተኛው ለክፍለ ሀገሩ።

ስሌቱ ይህን ይመስላል። የተሰጠው ድምፅ ለ81 ተካፍሎ የአንድ ወንበር ዋጋ ይወጣል፤ ከመቶ 1.2 ገደማ ማለት ነው። ፓርቲዎቹ በዚያ ዋጋ ልክ ሙሉ ወንበሮቻቸውን ከወሰዱ በኋላ ጥቂት ወንበሮች ይተርፋሉ፤ እነዚህም ለትርፍራፊ ድምፆች ይከፋፈላሉ። ፓርቲዎችን ገና ከደጅ የሚመልስ ዝቅተኛ የድምፅ ገደብ የለም። በብዙ የአውሮፓ ሀገሮች ከመቶ 5 ወይም ከመቶ 4 ያላገኘ ፓርቲ ፓርላማ አይገባም። ደቡብ አፍሪካ ይህን በር ክፍት የተወችው፣ ለረጅም ዘመን ብዙኃኑ ተጨቁኖ በኖረበት ሀገር ማንም ከውጭ ቀርቶ በምሬት እንዳያኮርፍ አስባ ነው።

በዚህ በር ነው ናሽናል ፍሪደም ፓርቲ (ኤንኤፍፒ) የገባው። ከመቶ የግማሽ ያህል ድምፅ፣ ለአንድ ሙሉ ወንበር ከሚጠየቀው እኩሌታ እንኳ የማይሞላ፣ ነገር ግን በትርፍራፊው ክፍፍል አንድ ወንበር ያስገኘለት። ኢንካታ 15፣ ኤኤንሲ 14፣ ዴሞክራቲክ አሊያንስ (ዲኤ) 11፤ ሲደመሩ 40። ኤምኬ 37፣ የኢኮኖሚ ነፃነት ታጋዮች የሚባለው የጁሊየስ ማሌማ ፓርቲ 2፤ ሲደመሩ 39። ሁለቱም ወገን ለአብላጫ የሚያስፈልገው 41 ነው። የቀረችው ወንበር አንዲት ናት፤ እርሷም የኤንኤፍፒ።

እዚህ ላይ ታሪክ የራሷን ጨዋታ ትጫወታለች። ኤንኤፍፒ በ2011 የተመሠረተው ከኢንካታ ተገንጥሎ ነው። መሥራቿ ዛኔሌ ማግዋዛ ምሲቢ የኢንካታ ሊቀመንበር ነበሩ፤ ከፓርቲው መሪ ከማንጎሱቱ ቡተሌዚ ጋር በገቡበት የመሪነት ፍጥጫ ወጥተው የራሳቸውን ቤት ሠሩ። በ2014 ስድስት ወንበር አግኝተው ኢንካታን አቆስለው ነበር። ማግዋዛ ምሲቢ በ2021፣ ቡተሌዚ በ2023 አለፉ። ሁለቱ ከሄዱ በኋላ፣ የልጅየው ፓርቲ ብቸኛ ወንበር የአባትየውን ፓርቲ ወደ ሥልጣን መለሰችው። የኤንኤፍፒዋ አባል ምባሊ ሺንጋም በአዲሱ ካቢኔ የማኅበራዊ ልማት ኃላፊ ሆነው ተሾሙ።

ሌላም አለ። አዲሱ ርእሰ መስተዳድር ንቱሊ ቀድሞ የንካንድላ ከንቲባ ነበሩ፤ የዙማ መንደር ያለበት የዚያው የንካንድላ።

ይህ ፍትሕ ነውን?

የኤምኬ ደጋፊዎች ሕዝቡ የሰጠን ድል ተነጠቀ ይላሉ። ንዴቱ አያስገርምም። ሆኖም ሒሳቡን ማስላት ያሻል። በመንግሥት የተጣመሩት የአራቱ ፓርቲዎች ድምፅ ሲደመር ከመቶ 49 ገደማ ነው፤ የኤምኬና የአጋሩ ድምፅ ደግሞ ከመቶ 47.6። ሁለቱም እኩሌታውን አልተሻገሩም፤ የቀረው ወንበር ላላገኙ ትናንሽ ፓርቲዎች የተሰጠ ነው። ስለዚህ ከመቶ 45 ያገኘ ፓርቲ አንደኛ ነው እንጂ አብላጫ አይደለም፤ ከመራጩ ከመቶ 54 በላይ የሆነው ሌላ ሰው መርጧልና። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንዲሉ፣ አንበሳው ብቻውን ከእያንዳንዱ ክር ቢጠነክርም ክሮቹ ተባብረው ያዙት።

በሌላ በኩል ግን መራጩ የማይታለፍ ቅሬታ አለው። ለኢንካታ፣ ለኤኤንሲና ለዲኤ በአንድነት የመረጠ አንድም ሰው የለም። እነዚህ ፓርቲዎች በቅስቀሳው ጊዜ አንዱ ሌላውን ሲያወግዙ ነበር የከረሙት። የኢንካታ ደጋፊ በአብዛኛው የዙሉ ገጠር ሰው ነው፤ የዲኤ ደጋፊ በአብዛኛው የከተማ ነጭና ሕንዳዊ። የደርባን ሙስሊሞችን ደግሞ ሌላ ነገር ያሳስባቸው ነበር። ደቡብ አፍሪካ በዲሴምበር 2023 ማብቂያ እስራኤልን በዓለም አቀፉ ፍርድ ቤት በጋዛ ጉዳይ ከሳለች። በምርጫው ሰሞን ጋዛ በሙስሊም ሰፈሮች ዋና መነጋገሪያ ነበረች፤ ዲኤም በዚህ ጉዳይ በያዘው ለዘብተኛ አቋም ብዙ ሙስሊም መራጮችን አስቀይሟል። በዚህ ምክንያት ዲኤን ሸሽቶ ለኤኤንሲ የሰጠ ሰው ከሳምንታት በኋላ ሁለቱን በአንድ ካቢኔ ውስጥ አያቸው።

የክዋዙሉ ናታል ሙስሊሞች ለአማርኛ አንባቢ ሩቅ አይደሉም። ሸኽ አሕመድ ዲዳት ከሕንድ በልጅነታቸው መጥተው የኖሩትና በ2005 ያረፉት በዚሁ ክፍለ ሀገር ነው፤ ንግግሮቻቸው በካሴት ተቀድተው በስንቱ ቤት እንደተደመጡ የምታውቁት ናችሁ። ከ1860 ጀምሮ ሕንዳውያን ለሸንኮራ እርሻ በውል ሠራተኝነት ሲመጡ፣ ከእነርሱም ቀጥሎ የጉጅራት ነጋዴዎች ሲከተሉ፣ በደርባን ግሬይ ስትሪት በ1881 የተጀመረው ጁሙዓ መስጂድ ዛሬም የከተማዋ እምብርት ነው። በመላው ደቡብ አፍሪካ ሙስሊሙ ከመቶ ሁለት አይሞላም። ስለዚህ ገደብ የሌለው የምርጫ ሥርዓት ለእርሱ ትልቅ ነገር ነው። አል ጀማዓ የተባለው፣ በሙስሊሞች የተመሠረተው ፓርቲ፣ በ2024 በብሔራዊው ፓርላማ ሁለት፣ በዌስተርን ኬፕ ምክር ቤት አንድ ወንበር አገኘ። በክዋዙሉ ናታል ግን አልተሳካለትም። ለሕንዳውያኑ ማኅበረሰብ ይቆረቆር የነበረው ማይኖሪቲ ፍሮንትም በ2019 የነበረችውን አንድ ወንበር አጣ። አንድ ወንበር መንግሥት በሚያቆምበት ምክር ቤት ውስጥ አለመኖር ምን ማለት እንደሆነ የሚያውቀው ያጣው ነው።

አንድ ወንበር ወይም ሦስት ወንበር የሚሠራውን ለማየት ግን ጆሃንስበርግን መመልከት ይበቃል። በ2023 ከ270 የከተማው ምክር ቤት ወንበሮች ሦስት ብቻ የነበሩት አል ጀማዓ፣ ትልልቆቹ ፓርቲዎች እርስ በርስ መስማማት ስላቃታቸው፣ በተከታታይ ሁለት ከንቲባዎችን አስመርጧል። የመጀመሪያው የቆዩት ሦስት ወር ገደማ ነው። ትልልቆቹ ትንሹን የሚሾሙት ስለሚወዱት አይደለም፤ ተቀናቃኛቸው እንዳይቀመጥበት ወንበሩን ሊያስጠብቁበት ነው። እንዲህ ዓይነቱ ሹመት ለትንሹ ፓርቲ ክብር ቢመስልም፣ ውኃ ሲጠፋና መንገድ ሲፈርስ የሚወቀሰው እርሱ ነው።

ከ41 አንዱ ቢጎድል

የደቡብ አፍሪካ ሕገ መንግሥት በዚህ ላይ ጥቃቅን የሚመስሉ ግን ነገር የሚለውጡ ድንጋጌዎች አሉት። ስብሰባውን የሚመራው አፈ ጉባኤ በተራ ድምፅ አሰጣጥ ላይ ድምፅ አይሰጥም፤ የሚሰጠው ሁለቱ ወገኖች እኩል ሲሆኑ ለመለየት ብቻ ነው። አፈ ጉባኤዋ ኖንቴምቤኮ ቦይስ የመጡት ከኤኤንሲ፣ ማለትም ከ41ዱ ወገን ነው። ስለዚህ በየዕለቱ ሥራ መንግሥቱ ያለው 40 ለ39 ነው። ኤንኤፍፒ ወደ ሌላው ወገን ቢሻገር ሚዛኑ ተገልብጦ 39 ለ40 ይሆናል፤ መንግሥቱም በጀቱንና ሕጎቹን ማጽደቅ ይቸግረዋል።

መንግሥቱን ማውረድ ግን ሌላ ነው። የመተማመኛ ድምፅ ለመንፈግ የተገኙት ሳይሆን የጠቅላላው አባላት አብላጫ ያስፈልጋል፤ ከ80ው 41። ኤምኬ ከአጋሩና ከኤንኤፍፒ ጋር ሆኖ እንኳ 40 ነው። አንድ ተጨማሪ ሰው ከሌላኛው ቤት ማስኮብለል አለበት። እንዲህ ያለ መንግሥት ሊጣል የማይችል፣ ሊራመድም የማይችል ሆኖ ሊቀር ይችላል። ርእሰ መስተዳድሩ ወርዶ ምክር ቤቱ በ30 ቀን ውስጥ ሌላ መምረጥ ካቃተው ደግሞ ምክር ቤቱ ይበተንና ሕዝቡ እንደገና ወደ ምርጫ ይጠራል።

ይህ በወረቀት ላይ ብቻ የቀረ ስጋት አልነበረም። በ2025 ማብቂያ የኤንኤፍፒ አመራር ከጥምረቱ መውጣቱን ባስታወቀበት ሰሞን ኤምኬ በንቱሊ ላይ እምነት የመንፈግ ሞሽን አቀረበ። በዲሴምበር የተጠራው ስብሰባ በጩኸትና በግርግር ታወከ። ሞሽኑ ወደቀ፤ ንቱሊ በወንበራቸው ቆዩ።

በዚህ ክፍለ ሀገር ለምን እያንዳንዱ ድምፅ እንዲህ እንደሚያስጨንቅ የሚያውቀው የ1990ዎቹን መጀመሪያ ያየ ሰው ነው። ያን ጊዜ የኤኤንሲና የኢንካታ ደጋፊዎች በየመንደሩና በየኮረብታው ይገዳደሉ ነበር፤ በሺህ የሚቆጠሩ ሰዎች አልቀዋል። በማርች 1994 ማብቂያ፣ ምርጫው አንድ ወር ሳይቀረው፣ በናታል የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። ኢንካታ ልወዳደር ብሎ የተስማማው ምርጫው አንድ ሳምንት ሲቀረው ነው፤ የድምፅ መስጫ ወረቀቶቹ ታትመው ስላለቁ የኢንካታ ስምና ምልክት በተለጣፊ ወረቀት ከግርጌው ተለጠፈ። በዚያ ምርጫ ኢንካታ ከ81 ወንበር 41 አግኝቶ ክፍለ ሀገሩን ያዘ፤ ኤኤንሲ 26። ኤኤንሲ ክፍለ ሀገሩን መምራት የቻለው በ2004 ነው። ዛሬ እነዚያ ሁለቱ በአንድ ካቢኔ ውስጥ ናቸው። በአባቶቻቸው ዘመን ደም የተፋሰሱ ሰፈሮች ልጆች አንድ በጀት ላይ ሲከራከሩ ማየት፣ ጥምረቱ የቱንም ያህል ቢንገዳገድ፣ በቀላሉ የሚታለፍ ነገር አይደለም።

ኤምኬም ቢሆን በዚያ ጁሙዓ ያደረገው አንድ ነገር ይታወስለታል። በብሔራዊው ምርጫ ማጭበርበር ተፈጽሟል ብሎ በኬፕታውን በተከፈተው ፓርላማ አባላቱ ሳይገኙ ቀሩ። በፒተርማሪትዝበርግ ግን ገቡ፣ ተቀመጡ፣ ዕጩ አቀረቡ፣ ተሸነፉ። በጁላይ 2021 ያየነው እሳት በጁን 2024 አልተነሣም።

ድምፅ የሌላቸው ነዋሪዎች

የሀገራችን ሰዎች በዚህ ታሪክ ውስጥ አሉ፤ ድምፅ ግን የላቸውም። የባሕሩን መንገድ ይዘው ወደ ሳዑዲና ወደ ባሕረ ሰላጤው የሚወጡት ወገኖቻችን እንዳሉ ሁሉ፣ በኬንያ፣ በታንዛኒያ፣ በማላዊና በሞዛምቢክ አድርገው ወደ ደቡብ የሚወርዱም አሉ፤ ብዙዎቹ ከሆሳዕናና ከዱራሜ አካባቢ። በደርባንና በዙሪያዋ ባሉ የጥቁሮች ሰፈሮች ትናንሽ ሱቆችን ከፍተው ይኖራሉ። በኤፕሪል 2015 በደርባን በተነሣው የውጭ ዜጎች ጥቃት ኡምላዚ በተባለው ሰፈር የኢትዮጵያውያን ሱቅ በእሳት ተያይዞ የሰው ሕይወት ጠፍቷል። በ2025 ደግሞ በደርባን የውጭ ዜጎችን ከሕክምና ተቋማት ደጃፍ የሚመልሱ ቡድኖች ተነሥተው ነበር።

የስደተኛ ፈቃድና ድንበር የብሔራዊው መንግሥት ጉዳይ ነው። ጤና ጣቢያና ሆስፒታል ግን በክፍለ ሀገሩ መንግሥት እጅ ነው፤ የሱቅ ምዝገባና ፍተሻ ደግሞ በከተማ አስተዳደሮች። ስለዚህ በፒተርማሪትዝበርግ 41 ለ39 የሚቆጠረው ድምፅ የኡምላዚውን ባለሱቅ ልጅ የሚያክመው ክሊኒክ ማን እንደሚያዝበት ይወስናል። ለመንግሥት መቆም አንዲት ወንበር በምትበቃበት ምክር ቤት ደግሞ ፓርቲዎች የሚሽቀዳደሙት ድምፅ ወዳለው ሰው ነው፤ የውጭ ዜጋውን መውቀስ ድምፅ ያመጣል ብሎ የሚያስብ ፖለቲከኛም በየትኛውም ፓርቲ ውስጥ አይጠፋም።

ቀጣዩ የክፍለ ሀገር ምክር ቤት ምርጫ የሚጠበቀው በ2029 ነው። ከዚያ በፊት ግን የከተማና የወረዳ ምክር ቤቶች ምርጫ ከ2026 ማብቂያ እስከ 2027 መባቻ ባለው ጊዜ ይካሄዳል። ኤምኬ አዲስ ፓርቲ በመሆኑ ከዚህ በፊት በመላ ሀገሪቱ የአካባቢ ምርጫ ተወዳድሮ አያውቅም። ደርባንን የምታስተዳድረውን የኤቴክዊኒ ከተማ ማን እንደሚይዝ በዚያ ይታያል።